የአምስተኛው ደረጃ ባለቤት

ሐማዛኪ ሚኔኮ ስትናደድ ድምጿ ከፍ አይልም፤ ይወርዳል። ይህን የማያውቅ ሰው ተረጋጋች ብሎ ይጠጋታል፣ ያኔም ይቃጠላል። በዚያ ሰኔ፣ ኦሳካ ላይ ዝናቡ ሳያባራ ሙቀቱ በሰው ትከሻ ላይ በተጫነበት ሰሞን፣ ታዋራ የጌም ሥራ ውስጥ የነበሩት አሥራ አንድ ወንዶች ያንን የወረደ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙት። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰሙት «ሻይ ደርሷል» የሚለውን ብቻ ነበር።

የጌም ሥራ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስል። ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ከሚሸጥ ሱቅ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ጌም ቤቶች ለሚያቆሟቸው ማሽኖች ጨዋታ ይሠራባቸዋል። ሚኔኮ የተቀጠረችው ሻይ እንድትቀዳና ደብዳቤ እንድታመላልስ ነው። በማስታወቂያው ላይ «ጠባየ መልካም ሴት» የሚል ነበረበት። ጠባይዋን ማን እንደመረመረው እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ያልጠየቋት ነገር ግን የማን ልጅ እንደሆነች ነው። አባቷ በፓቺንኮ ቤት ምስማር አጉባጭ ነበር። ትንንሽ የብረት ኳሶች በምስማር ጫካ መሃል እየተንጫጩ የሚወርዱበት ያ ማሽን፣ ኳሱ የት እንደሚገባ የሚወስነው ምስማሩ ወዴት እንዳዘነበለ ነው። አባቷ ጠዋት ጠዋት ቤቱ ሳይከፈት በትንሽ የነሐስ መዶሻ እያንዳንዱን ምስማር መታ መታ ያደርጋል፤ ለዓይን በማይታይ መጠን። ሚኔኮ አጠገቡ ቆማ ነው ያደገችው። «ተሰረቅሁ ብሎ የወጣ ሰው ጠላትሽ ነው» ይላት ነበር። «ትንሽ ቀርቶኝ ነበር ብሎ የወጣ ግን ነገ በር ላይ ታገኚዋለሽ። የሁለቱ ልዩነት የፀጉር ያህል ነው፤ እኛ የምንከፈለው ለዚያች ፀጉር ነው።» ቢሮ ያሉት ወንዶች በዩኒቨርሲቲ ያልተማሩት ይህንን ነበር።

ጨዋታው «ነጭ ተርብ» ይባላል። አንዲት ትንሽ የጠፈር መርከብ ከግራ ወደ ቀኝ ትበራለች፣ ከኋላዋ ከዋክብትና ዋሻ ይንከባለላል፣ ጠላት በረድፍ በረድፍ እየመጣ ይተኩሳል። ቀይ እንክብል የለቀመ መሣሪያ ይጨመርለታል። አንዴ የተነካ ግን ሞተ። ያጠራቀመው ሁሉ ይገፈፍና ወደ ኋላ ተመልሶ ራቁቱን ይጀምራል። አምስት ደረጃ እንዲኖረው ታስቦ አራቱ ካለቁ በኋላ፣ አምስተኛውን የያዘው ልጅ ጥር ላይ ወደ ሌላ ድርጅት ኮበለለ።

ሚኔኮ በምሳ ሰዓት የግራፍ ወረቀት ላይ አምስተኛውን ደረጃ ሣለችና ከሻይ ጋር አለቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። አቶ ታዋራ ሁለት ሳምንት ሻዩን ወረቀቱ ላይ እያስቀመጠ ጠጣ። ሌላ ሰው ሲያጣ የስኒ ክብ የታተመበትን ወረቀት አነሣና «እስቲ ይሞከር» አለ። ሴት ሠራችው ላለማለት «ይሞከር» አለ እንጂ «ትሞክር» አላለም።

አሁን የሚኔኮን ብልሃት ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተቆላለፈው እዚህ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ ማሽን በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ የሚችለው ነገር የተወሰነ ነው። ስክሪኑ በጥይትና በጠላት ሲሞላ ያቃስታል። ጠላቱም፣ ጥይቱም፣ መርከቧም አብረው ቀስ ይላሉ። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህን እንደ ነውር ይደብቁታል። ሚኔኮ ግን ስታየው ምስማር ታያት።

አምስተኛውን ደረጃ በትልልቅ የዘር ከረጢቶች ሞላችው። አንድ ከረጢት የተመታ እንደሆነ ይፈነዳና ስምንት የሚገድል ፍሬ ይበትናል። ፈርቶ መተኮስ ያቆመ ተጫዋች፣ ከረጢቶቹ ራሳቸው እየከነፉ መጥተው ይጨፈልቁታል። ደፍሮ የተኮሰ ግን ስክሪኑን በሞት ይሞላዋል፣ ያኔ ማሽኑ ያቃስታል፣ ዓለም ሁሉ ቀስ ይላል፣ በፍሬዎቹ መሃል ያለችው ቀጭን መንገድ ትታያለች። ጊዜ የሚገኘው አደጋን በገዛ እጅ በማብዛት ነበር። አራት ወር ሙሉ ከረጢቶቹን በግራፍ ወረቀቷ ላይ አንድ ካሬ ወደ ላይ፣ አንድ ካሬ ወደ ታች ስታደርግ ኖረች። መካከል ላይ «ሻይ!» ሲሏት እየተነሣች።

ማክሰኞ ዕለት አለቃው ጠራት።

«ከሐሙስ ጀምሮ ሦስት ቀን እማማ ኪኑዬ ጌም ቤት ይቀመጣል። ሰው ከወደደው ያንቺ ነው፤ ከዚህ በኋላ ከወንዶቹ ጋር ትሠሪያለሽ። ካልወደደው በአራት ደረጃ እንዘጋዋለን፣ አንቺም ወደ ሻይሽ። ተግባባን?»

«ተግባባን፣ አለቃ።»

የእማማ ኪኑዬ ጌም ቤት ቴኖጂ አካባቢ፣ ጣሪያ ባለው የገበያ መንገድ ውስጥ ነው። ለሙከራ የመጣ ጨዋታ ሲኖር ሠሪው ከተጫዋቹ ጀርባ ሰው የሚጠብቅ መስሎ ይቆማል፤ ማንነቱን አይናገርም፣ የሚባለውን ግን ሁሉ ይጽፋል። ሐሙስ ጠዋት ሚኔኮ ደብተሯን ይዛ ቆመች።

አራተኛው ደረጃ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ግን እንደ ዝንብ ረገፉ። በእረፍቱ የመጣ አንድ የትራም ሹፌር፣ ነጭ ጓንቱን ኪሱ ከቶ፣ ሰባት ጊዜ ሞክሮ ሰባት ጊዜ እዚያው ሞተ።

«ይሄን የሠራው ሰውዬ እናቱ ጡት ሳታጠባው ያደገ መሆን አለበት!» አለ እጀታውን ለቆ።

«እስከ አራት አሪፍ ነበር» አለ ከጎኑ የቆመ ተማሪ። «አምስተኛውን ሰክሮ ነው የሠራው።»

«ሰካራምማ ይራራል! ይሄ ጨካኝ ነው እንጂ።»

ሚኔኮ ሁሉንም ጻፈች። እስከ መዝጊያው ድረስ ሠላሳ አንድ ሰው እዚያው ቦታ ሞተ። አንድም «ትንሽ ቀርቶኝ ነበር» ያለ የለም። ሁሉም ተሰርቆ እንደወጣ ሰው ነበር የሚራመደው። ወደ ቤቷ ስትሄድ አራት ወር ሙሉ ራሴን ሳታልል ነው የኖርኩት እያለች ራሷን ረገመች።

ዓርብ ጠዋት ሰው ሳይመጣ ራሷ ተቀምጣ ተጫወተች። ያንን ደረጃ በእጇ ታውቀዋለች፤ ዓይኗን ጨፍና የምታልፈው ነው። ከረጢቱን መታች፣ ሁለተኛውን መታች፣ ሦስተኛውን መታች፣ ስክሪኑ በፍሬ ሞላ። ማሽኑ ግን አላቃሰተም። ፍሬዎቹ በሙሉ ፍጥነት እየተወነጨፉ መጡና ገደሏት። ደግማ ሞከረች፤ ደግሞ ገደሏት። እጀታውን ለቃ ተነሣች።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ» አሉ እማማ ኪኑዬ።

«ሰው ነክቶታል» አለች ሚኔኮ። ድምጿ ያን ጊዜ መውረድ ጀመረ።

የነካው ኦጉሺ ነበር። ኦጉሺ የቢሮው አንጋፋ ፕሮግራም ጸሐፊ ነው፤ ዐሥራ አምስት ዓመት የሠራ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ አንዴ አንድ መጽሔት የእሱን ማሽን «ያስነጥሰዋል» ብሎ ስለጻፈበት ያንን ገጽ ቆርጦ መሳቢያው ውስጥ ያኖረ ሰው።

«አየሽው?» አላት ገና ቢሮ ስትገባ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ። «አንድም ቦታ አይንቀረፈፍም። ረቡዕ ዕለት ቁጭ ብዬ ከሥር ከመሠረቱ አጸዳሁልሽ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ለአንድ ቀን ሥራ ምን ብዬ ልለፍፍ? ይሉኝታ የለኝም እንዴ?»

እዚህ ላይ የማይናደድ ሰው ካለ ሐሞቱን ይመርመር። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ቸርነት አድርጎ፣ ቸርነቱን መናገር ነውር መስሎት ዝም ብሎ፣ የአራት ወር ሥራዋን በአንድ ቀን ገደለው። ክፉ ቢሆንማ ይቀል ነበር፤ ክፉን ሰው ይሰድቡታል። የይሉኝታ ገዳይን ግን በየትኛው አፍ ይሰድቡታል?

«መልሱት» አለች። «መዘግየቱ ሥራዬ ነው። ከረጢቶቹን የደረደርኩት በእሱ ነው።»

ኦጉሺ ሳቀ፤ የምትቀልድ መስሎት። ከዚያ ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው ፊቱ ተዘጋ።

«እኔ ጥፋትን በእጄ መልሼ አልሰካም። ነገ የኦጉሺ ማሽን አስም አለበት ሲሉ አንቺ ልትሰደቢልኝ ነው?»

«ሰው እየሞተበት ነው እኮ!»

«ሰው የሚሞተው ደረጃው ስለማይረባ ነው» አለና ወደ ሥራው ዞረ።

ወደ አለቃው ሄደች። አቶ ታዋራ ነገሩን እስከ መጨረሻው አልሰማም።

«ኦጉሺ ለአንቺ ብሎ ለፍቶ፣ ማመስገን ሲገባሽ ክስ ይዘሽ መጣሽ? ነይ፣ አሁኑኑ ፊቱ ቆመሽ አመስግኚ።»

ዐሥሩም ወንዶች ሥራቸውን አቁመው እያዩ፣ ሚኔኮ ኦጉሺ ፊት ቆማ ወገቧን አጠፈች። «ስለ ልፋትዎ አመሰግናለሁ» አለች። ለመስማት ጎንበስ ማለት የሚያስፈልግ ድምፅ ነበር። አለቃው ረክቶ ሻይ አዘዘ፣ እሷም ቀዳች። እጇ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ልቧ ግን ከማንቆርቆሪያው በላይ ይፈላ ነበር።

ቅዳሜ የመጨረሻው ቀን ነው። መሳቢያዋ ውስጥ የማክሰኞው ጨዋታ የተቀረጸባቸው ስድስት ቺፖች ነበሩ። እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ስትሞክር የከረመችባቸው፣ በጀርባቸው በእጅ ጽሕፈቷ «ማክሰኞ» ብላ የለጠፈችባቸው። በመሐረብ ጠቅልላ ይዛቸው መጣች።

«እማማ፣ የማሽኑን የኋላ ቁልፍ ይስጡኝ።»

«አለቃሽ ፈቅዷል?»

«አልፈቀደም።»

እማማ ኪኑዬ ከወገባቸው የቁልፍ ዘለላ ፈቱ። «ጠየቅኩሽ እንጂ አልከለከልኩሽም። ሁለት ቀን ሙሉ የሰው ስድብ ስሰማ ጆሮዬ ደነቆረ፤ በይ አፋጥኚው።»

ማሽኑን አጥፍታ፣ የኋላውን በር ከፍታ፣ አዲሶቹን ቺፖች አንድ በአንድ በጠፍጣፋ ጠመንጃ መፍቻ ነቀለችና አሮጌዎቹን እግራቸው እንዳይጣመም እየተጠነቀቀች ተከለች። በሩን ዘጋች። ወንጀል መሆኑን ታውቃለች። ቢይዟት ሻይ መቅዳቱን እንኳ እንደምታጣ ታውቃለች።

የትራም ሹፌሩ በምሳ ሰዓት መጣ። «ጨካኙን ልሰናበተው ብዬ ነው» አለና ተቀመጠ። አምስተኛው ላይ ደረሰ። እንደ ልማዱ ፈርቶ መተኮስ አቆመ፤ ሞተ። ተናደደና በሁለተኛው ጊዜ ቁልፉን እንደ እብድ ደበደበው። ስክሪኑ በፍሬ ሞላ። ማሽኑ አቃሰተ። ዓለም ሁሉ ቀስ አለ።

«ውይ» አለ ሹፌሩ፤ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። በሁለት ፍሬዎች መሃል አለፈ። በሌላ ሁለት መሃል አለፈ። ከኋላው ሰው ቆመ፣ ሌላም ቆመ። መውጫው ሊታይ ሲል አንድ ፍሬ ክንፉን ነካውና ፈነዳ።

«ትንሽ ነው የቀረኝ!» ብሎ ጮኸ። «አያችሁ? ይቺን ታህል!»

«ተነሣ እንግዲህ፣ ትራምህ ይጠብቅሃል» አለው ተማሪው፤ ሳንቲሙን ስክሪኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ተራውን ያዘ።

በዐሥር ሰዓት አቶ ታዋራና ኦጉሺ ሲመጡ ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ ጫማ ሻጩ ሱቅ ድረስ ደርሶ ነበር። ከሰልፉ መሃል አንዷ ልጅ አምስተኛውን ጨርሳ ወጣች፤ የማያውቋት ሰዎች አጨበጨቡላት። አለቃው እጆቹን አፋተገ። የኦጉሺን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«አየህ? አልኩህ! ፍጥነት ነው፤ ሰው የሚወደው ፍጥነት ነው። ይሄን ያዳንከው አንተ ነህ።»

ኦጉሺም አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ምስጋናውን ተቀበለ ማለት ነው።

ዝም ብትል ደረጃው ይተርፍ ነበር። ሰኞ ዕለት ቺፖቹን በድብቅ አመሳስላ ማስገባት ትችል ነበር፤ ብልህ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ሚኔኮ ግን ትናንት ወገቧን ያጠፈችበት ቦታ አሁንም ያማት ነበር።

«ስክሪኑን እየው» አለችው ኦጉሺን። አንተ አለችው፤ ዐሥር ዓመት የሚበልጣትን ሰው፣ በሰው ፊት፣ በዚያ በወረደ ድምፅ። «እየው እንጂ። ይሄ የምታፍርበት ነው። ይሄ አስም ያልከው ነው። ያንተ ፈጣኑ እዚህ መሐረብ ውስጥ ተጠቅልሎልሃል። ጠዋት እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

ኦጉሺ ስክሪኑን አየ። ፍሬዎቹ ቀስ ብለው ሲንሳፈፉ፣ ሰዎቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ሲያዩ አየ። ፊቱ ነጣ።

«ማሽኔን ሰው ፊት አስም ያለበት አስመሰልሽው» አለ።

«ሥራዬን ሰው ፊት ገደልከው።»

አለቃው በሁለቱ መሃል ቆሞ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሰልፉን አየ። ጉንጩ ቀልቶ ነበር፤ ሊያባርራት አፉን የከፈተ ይመስል ነበር። ሰልፉን ደግሞ አየና አፉን ዘጋ። «እንዲሁ ይቀመጥ» አለ። «ሰኞ እንነጋገራለን።»

ሰኞ ዕለት የሆነውን ስሙ። ጨዋታውን የጨረሰ ተጫዋች የሚያየው የሠሪዎች ስም ዝርዝር አለ። እውነተኛ ስም አይጻፍበትም፤ ሌላ ድርጅት እንዳያስኮበልላቸው ሁሉም የውሸት ስም ይይዛል። አለቃው ዝርዝሩን አነበበ፤ ኦጉሺ «ጥቁር አጋዘን»፣ ሠዓሊው «ሾርባ»፣ እያለ እስከ ታች። የሚኔኮ የለም።

«የእኔስ?»

«ያንቺ ምን ይባላል?» አለ አለቃው። «አምስተኛውን ያሳመረው መዘግየቱ ነው፤ አንቺው ነሽ ያልሽው። መዘግየት ደግሞ የማሽን ጥፋት ነው። ጥፋት ባለቤት የለውም።»

«የእኔ ማሽን ጥፋት የለበትም!» አለ ኦጉሺ ከወንበሩ ተነሥቶ። «ይሄ ነገር ከወጣ ጌም ቤቱ ሁሉ ማሽኑ ተበላሸ እያለ ነው የሚደውለው። እያንዳንዱ ማሽን በር ውስጥ ማስታወቂያ ይለጠፍ። ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ስም ከነስልኩ ይጻፍበት። የእኔ እንዳይሆን!»

ማስታወቂያው ወዲያው ተረቀቀ። «በአምስተኛው ደረጃ ላይ ለሚታየው መዘግየት ጥልቅ ይቅርታችንን እናቀርባለን» ብሎ ይጀምራል፤ «ማሽኑ አልተበላሸም» ይላል፤ ከታች «ኃላፊ» ከሚለው ፊት ለፊት ባዶ መስመር አለ። የውሸት ስም እዚህ አይሠራም፤ ተቆጥቶ የሚደውል ሰው «ሾርባን አቅርቡልኝ» ሊል አይችልም። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። ሁሉም መሬት መሬት አየ።

«ስጡኝ» አለች ሚኔኮ።

«አስቢበት» አለ አለቃው። «ከሆካይዶ እስከ ኦኪናዋ የሚሰደበው ስም ነው።»

«ጥፋት ከሆነ የእኔ ነው። ባለቤት አለው።» ሙሉ ስሟን ጻፈች፤ ሐማዛኪ ሚኔኮ ብላ፣ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪወጋው ድረስ ተጭና። ወደ ማተሚያ ቤትም የሚወስደው ሌላ ተላላኪ ስላልነበረ ራሷ ይዛው ወጣች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስምንት መቶ ማሽኖች ተጭነው ወደየአገሩ ከሄዱ ወዲያ፣ አቶ ታዋራ ከሂሮሺማ የተመለሰ አንድ ወረቀት ይዞ፣ ደም ሥሩ ግንባሩ ላይ ተገትሮ፣ ጠረጴዛዋ ድረስ መጣ። ወረቀቱ ላይ የታተመው ይህ ብቻ ነበር፦ «በአምስተኛው ደረጃ ላይ ማሽኑ የሚዘገየው ሆን ተብሎ ነው። አልተበላሸም። ኃላፊ፦ ሐማዛኪ ሚኔኮ።»

«ይቅርታው የት ገባ?» አለ አለቃው።

ሚኔኮ ከግራፍ ወረቀቷ ቀና አላለችም።

«አልጠየቅኩም» አለች።